ለማትሪክ የታረደው በሬ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች ስለ መግቢያ ፈተናና ስለ ዩኒቨርሲቲ ወጪ ምክር ሲሰጣቸው ልዘግብ ተቀምጬ ነበር። ባለሙያው «ለልጅ ትምህርት ያስቀመጣችሁትን ለድግስ እንዳትነኩ» ሲል፣ በመስኮቱ ሥር እርጥብ የማሽላ አገዳ የጫነች አህያ አለፈች፤ ሙቀቱ የአገዳውን ጣፋጭ ሽታ አዳራሹ ውስጥ ሞላውና ከዚያ በኋላ የተባለውን ለጥቂት ጊዜ መጻፍ አቃተኝ።

ለእኔ ይህ የዳልቻ ሽታ ነው። ዳልቻ አባቴ ከጀውሃ አለፍ ብሎ ባለው ቤታችን ጓሮ አስሮ የሚያደልበው በሬ ነበር፤ ከተገዛበት ቀን ጀምሮም ዕጣው ታውቆ ነበር፤ እኔ ማትሪክ ካለፍኩ ይሸጣል፣ መሳፈሪያዬ፣ ፍራሼና የኪስ ገንዘቤ ከእሱ ይወጣል። የሂሳብ አስተማሪዬ ጋሽ ከማል፣ ከትምህርት በኋላ በየተማሪው ቤት እየዞሩ ወላጅ የሚመክሩ ሰው፣ የአባቴን ዕቅድ ለሌሎቹ ምሳሌ አድርገው ይጠቅሱት ነበር። እኔም ጠዋትና ማታ አገዳ ሳቀርብለት ባንክ የማስገባ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ፈተናው ነገ ሊጀመር አባቴ ዳልቻን አረደው።

በእኛ አገር ከባድ ነገር ሲመጣ ሰደቃ ይወጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፤ ዝናብ ሲጠፋም፣ ሰው ሲታመምም። ለማትሪክ በሬ ሲታረድ ግን ሰፈሩም አይቶ አያውቅም። እናቴ ድስት ልትዋስ በየቤቱ ስትሄድ ብቻዋን ታጉረመርማለች፤ እኔን ፊዚክስ ከማጠናበት ጎትተው ለዱዓው የተጣለው ዳስ መሃል አስቀመጡኝና ሽማግሌዎች ተራ በተራ ራሴን ይዘው እየመረቁ እንትፍ ሲሉብኝ ዋሉ። ደብተሬን ጭኔ ላይ ገልጬ ሰረቅ አድርጌ ሳይ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ነጠቁኝ። «አንተ ልጅ፣ እኛ አላህን እየለመንንልህ አንተ ወረቀት ታያለህ?»

ጋሽ ከማል ሲደርሱ ሥጋው ወጥ ሆኗል። «አባ መሐመድ፣ ካለፈ በምን ሊልኩት ነው?» አሉ፣ ሊያለቅሱ ምንም ሳይቀራቸው።

«መጀመሪያ ይለፍ እንጂ» አለ አባቴ፣ ሳህን እያቀረበላቸው። «ደግሞ በሬው የት ሄደ? ይኸው ሰፈሩ ሆድ ውስጥ ነው።»

ጋሽ ከማል ተቀምጠው በሉ። ሰው እንደዚያ ተናዶ ሲበላ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

አለፍኩ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ። ጓሮው ውስጥ ባዶ ችካል ቆሟል፤ ባየሁት ቁጥር እበሽቃለሁ። ያ ሁሉ አሚን ያለ ሰው ከዚህ በኋላ ምን ይጠቅመኛል እያልኩ አንድ ዓመት ቤት ልቀመጥ ስዘጋጅ፣ የበሉት መምጣት ጀመሩ። እትዬ ዘሀራ ብርድ ልብስ ይዘው መጥተው «ያ ሥጋ እንቅልፍ ነሳኝ እኮ» አሉ። የሰፈራችን የማሾ እህል ነጋዴ ፍራሽ ላከ። ዳሱን የጣለው ሰው ወንድሙ በሚነዳው የጭነት መኪና እስከ አዲስ አበባ አሳፈረኝ። ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥርም አንዱ አንድ ነገር ኪሴ ውስጥ ይወሽቃል፤ እስክመረቅ ድረስ ዳልቻ ተበልቶ አላለቀም።

አባቴ ይህን አስቦበት ይሆን ብዬ፣ ከሞተ በኋላ፣ እናቴን ጠየቅኳት። «ምኑን አስቦ! ሰው ሰብስቦ ማብላት ስለሚወድ ነው» አለችኝ። ሌላ ምንጭ አላገኘሁም።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አውጥተው «ዱዓውስ?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀ፤ ባለሙያውም ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፈ። ምክሩ ልክ ነው፤ ሳላዛባ ዘገብኩት። የልጁን መማሪያ አርዶ የሚያበላ አባት እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

ከስብሰባው በኋላ ወንድሜ ቤት ሄድኩ፤ የሚኖረው በአባታችን ቤት ነው። ልጁ ሰሚራ በሚቀጥለው ሳምንት ትፈተናለች። ማጠናከሪያ ተከፍሎላታል፣ የዩኒቨርሲቲዋም ገንዘብ ባንክ ተቀምጧል፤ ወንድሜ ያን በሬ ያልረሳ ሰው ነው። እንደምትፈተን ሰፈሩ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ለምን ብሎ ይወቅ፣ አጎቴ?» አለችኝ፣ ከስልኳ ቀና ሳትል።

ወደ ጓሮ ወጣሁ። ወንድሜ ሲሚንቶ አልብሶታል። ችካሉ የነበረበትን ቦታ ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም።