ክር ያለው ከረሜላ

ዛሬ ለልጄ ለከድጃ ሳል ብዬ ስኳርና ዝንጅብል ከሰል ላይ ጥጄ ሳማስል፣ የሚሰነፍጠው ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው እጄ ሳላስበው ወደ ስፌት ክሩ ሄደ።

እናቴም ልጅ ሆኜ ሲያስለኝ እንዲህ ትሠራው ነበር። ስኳሩ ቀልጦ ሲቀላ ሎሚ ትጨምቅበታለች፤ ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ጠብ ጠብ ታደርገውና ሳይደርቅ በእያንዳንዱ ውስጥ ክር አጥፋ ትቀብርበታለች። ከረሜላው እኔ አፍ ውስጥ፣ የክሩ ጫፍ እሷ እጅ ላይ ነው። ሟሙቶ እስኪያልቅ ከጎኗ መነሳት የለም።

«ታኢ!» ትለኛለች በኦሮምኛ። «ቁጭ በይ ብያለሁ!»

አንድ ቀን ጎረቤታችን ዘይነባ በራፉ ላይ ቆማ ሳቀች። «ጥጃ ናት እንዴ በገመድ የያዝሻት?»

እኔም ልስቅ ስል ሳሉ መጣብኝ። ከረሜላው ወደ ውስጥ ሾለከና ጉሮሮዬን ዘጋው። ትንፋሽ አጣሁ። እናቴ ክሩን ሳበችው፤ ከረሜላው ከነምራቁ ጭኗ ላይ ወደቀ። ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ።

«አንዴ ይበቃኛል፣ ያረቢ! ሁለተኛ አታሳየኝ።»

ዘይነባ ሳቋን ትታ መሬት መሬት አየች። ምኑ ነው አንዴ? አልገባኝም። ከወለድኩ በኋላ ነው አክስቴ የነገረችኝ፤ ከእኔ በፊት የተወለደችው እህቴ እንዲህ ያለ፣ ግን ክር የሌለው ከረሜላ ትን ብሏት ነው የሞተችው።

«እማ፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ልቀቂው» አለችኝ ከድጃ፣ ጉንጯ በከረሜላው አብጦ።

«ይሳቁ» አልኳትና ክሩን ጣቴ ላይ ደግሜ ጠመጠምኩት።