ለአክስቴ መድኃኒት የተዋጣ ወርቅ

አክስቴ አዲስ አበባ ሁለት ዙር የጡት ካንሰር መድኃኒት ወስዳ ቆቦ ስትመለስ፣ «ከእንግዲህ እግሬን አላነሳም» አለች። ጠጉሯ አልቋል፣ ምግብ አስጠልቷታል፣ እብጠቱ ግን እንዳለ ነው። መድኃኒቱን እንደ ክፉ አማት ታማዋለች። ቤተሰቡ መክሮ መክሮ ሲያቅተው እኔን ጠራ። ዩኒቨርሲቲ የማጠናው የካንሰር መድኃኒት ነዋ! ለእነሱ ከሐኪሙ እበልጣለሁ።

ሥራዬን አስረዳኋት። በዓይን የማይታዩ የወርቅ ቅንጣቶች እንሠራለን። የካንሰር ሕዋስ መድኃኒት ሲነካው ላዩ ይለወጣል፤ ቅንጣቶቹ ለውጡን ያውቁና ብርሃን ይሰጣሉ። ከብርሃኑ መድኃኒቱ ሕዋሱን በምን መንገድ እንደሚገድለው እንረዳለን።

«ወሬ አቀባይ ወርቅ ነው በይኛ!» አለችና ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብላ ሳቀች። እኔም በራሴ ኮራሁ። ኩራቴ ግን ከማግስቱ አላለፈም።

መድኃኒቷ ወርቅ አለበት የሚለው ወሬ ሌሊቱን ሰፈሩን አዳርሶ፣ በማግስቱ የማኅበሯ ሴቶች ተሰብስበው መጡ። ታማሚ ጋ ባዶ እጅ አይኬድምና ሌላ ጊዜ እንቁላል ወይም የማሽላ እሸት ነበር የሚይዙት። የዛሬው ወርቅ ነው። ጥንዱ የጠፋ ጉትቻ፣ የተሰበረ ቀለበት፤ አንዷማ ጎረቤት ከተማ ዋጃ ድረስ ልካ የሟች እናቷን ሎቲ አስመጥታለች። ጎረቤታችን ሽማግሌ ደግሞ የወርቅ ጥርሳቸውን በጣታቸው እየነካኩ፣ «እኔ ስሞት ንቀሉት፤ ለጊዜው ሥጋ እበላበታለሁ» አሉ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ሁሉንም በመሐረብ ቋጥረው እጄ ላይ አስቀመጡት፤ መድኃኒቷ ውስጥ እንድጨምረው። አክስቴ ቋጠሮውን አየችና፣ «እንዲህ ከሆነስ እሄዳለሁ» አለች።

ዝም ብል ኖሮ በዚያው ትሄድ ነበር። ግን አላስችል አለኝ። ሴቶቹ እንደወጡ፣ «አክስቴ፣ የእኔ ወርቅ ገና ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ሳህን ላይ ያለ ሕዋስ ነው የሚያየው» አልኳት። «ሰው ውስጥ አልገባም፤ ያንቺም መድኃኒት ውስጥ የለም። ሠርቶልሽ እንደሆነ የሚታወቀው ዙሩን ጨርሰሽ ሐኪሞቹ ሲያዩሽ ነው።»

«እና አሁን ውስጤ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያይልኝ የለም?»

«የለም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በቃ፣ በገዛ አፌ ገደልኳት አልኩ በልቤ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ይህን ቋጠሮ ለባለቤቶቹ መልሽ። ሽማግሌውንም ሥጋዎን በሰላም ይብሉ በያቸው።» ሳቄ ሳያልቅ እጄን ያዘችኝ። «እሄዳለሁ። ግን ብቻዬን አይደለም። ያ ወርቅሽ ሰው ጋ እስኪደርስ አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ ታዪኛለሽ። ፈርቻለሁ፣ አንቺዬ።»

አክስቴ ፈራሁ ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቤተ ሙከራው ደውዬ ለጊዜው አልመጣም አልኩና ለሁለታችን የአውቶቡስ ትኬት ቆረጥኩ።