በሊፍቱና በአውሮፕላኑ በር መካከል

ይህ የደረሰብኝ አምና ጥቅምት፣ በምሠራበት አየር ማረፊያ ነው። ማንም ሳይጎዳ ቢያልፍም ከአእምሮዬ አልወጣም።

ተወልጄ ያደግሁት መንዝ፣ ዘመሮ ነው። የምነዳው መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን ከነተሽከርካሪ ወንበራቸው እስከ አውሮፕላን በር ከፍ የሚያደርግ ሊፍት መኪና ነው። ሰዎቹ ያሉበት ሳጥን ከፍ ካለ በኋላ መኪናው ቀስ ብሎ ይጠጋል። አውሮፕላኑን ከገጨ በረራው ይቀራል።

በዚያ ሰሞን አዲስ መሣሪያ ተገጠመለት። ከሳጥኑ ፊት ያሉ ሁለት ሴንሰሮች ድምፅ ይልካሉ፤ ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ ርቀቱ ተሰልቶ ጋቢና ውስጥ ባለ ስክሪን ላይ ይታያል፤ ሲጠጋም ፍሬኑ በራሱ ይይዛል። ከታች ቆሞ በእጁ ይመራኝ የነበረው ሰው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። አለቃዬም እግሬን ከፍሬን ላይ እንዳነሳ ነገረኝ።

መሣሪያውን አላመንኩትም። መኪናው በቆመ ቁጥር ሳጥኑ ላይ ወጥቼ የቀረውን ርቀት በሜትር እለካ ነበር። ጓደኞቼ «መንዜው ማሽኑን በክንድ ሊሰፍረው ነው» እያሉ ሳቁብኝ። ሦስት ሳምንት ለካሁ፤ ከሁለት ጣት በላይ አልሳተም። በአራተኛው ሳምንት እግሬን አነሳሁ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ከመንዝ አጠገብ፣ ከግሼ የመጡ አንድ አዛውንት ከልጃቸው ጋር ሊሳፈሩ መጡ። ውጭ አገር የጀርባ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላቸው፤ ያ በረራ ካመለጣቸው ቀጠሮው ያልፋል። ወንበራቸውን ሳስር አገሬን ጠየቁኝ። ዘመሮ ስላቸው ደስ አላቸው። መኪናው ራሱ እንደሚቆም ነገርኳቸው።

«ታዲያ ነጂው አንተ ነህ ወይስ እሱ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አባባ» አልኩ። የዋሸሁ መስሎኝ አፈርኩ። ጋቢና ስገባ እግሬን ፍሬኑ ላይ መለስኩ።

መጠጋት ጀመርኩ። አምስት ሜትር ሲቀረው መጮህ ነበረበት፤ አልጮኸም። ፍጥነቱንም አልቀነሰም። ስክሪኑ ፊት ለፊታችን ምንም የለም ይላል፤ እኔ ግን የአውሮፕላኑን በር እያየሁት ነው። ፍሬኑን ረገጥኩ።

ሳጥኑ ላይ ወጥቼ ስለካ ሰባ ሦስት ሴንቲ ሜትር ነበር የቀረን። የአዛውንቱ ጥቁር በርኖስ በፊተኛው መደገፊያ ብረት ላይ ተሰቅሎ ሁለቱንም ሴንሰር ሸፍኗል። ልጃቸው ሞቃቸው ብላ አውልቃላቸዋለች። የአባት በርኖስ መሬት አይጣልም፤ መስቀያ ስታጣ እዚያ ሰቀለችው። ወፍራሙ ሱፍ ድምፁን ውጦታል።

እንድታነሳው ስነግራት «የት ላድርገው? መሬት ልጣለው?» አለች ተቆጥታ።

ተቀብያት ጋቢና ውስጥ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። መሣሪያውን አጥፍቼ፣ አንድ ሻንጣ ጫኝ ከታች በእጁ እየመራኝ ተጠጋሁ። አዛውንቱ ሲገቡ በርኖሳቸውን ደረብኩላቸው።

«በርኖሴ ጥፋት ሠራ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አባባ፤ ውስጡ ይበርዳል፣ ይልበሱት» አልኳቸው።

አለቃዬ በማግስቱ ሳጥኑ ውስጥ መስቀያ አስገጠመና ነገሩ ተዘጋ። ለእኔ አልተዘጋም። በርኖሱን አወቅነው፤ ገና ያላወቅነው ምን እንዳለ የነገረኝ የለም። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን እግሬን አንስቼ የነዳሁባቸው አምስት ቀናት ናቸው። በእነዚያ ቀናት ያሳፈርኳቸውን ሰዎች አስታውሳለሁ ብዬ እሞክራለሁ፤ የአንዳቸውም ፊት አይመጣልኝም።