ኮልቾ ላይ የቀረጽኩት ፊልም

ትናንት ልጄ ሜሮን የትምህርት ቤቱን ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች። የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ከመምህራቸው ጋር ኦሞ ወንዝ ዳር ኦሞራቴ ወርዶ ዓሣ አስጋሪዎችን ሊቀርጽ ነው፤ እኔ እንድፈቅድላት ትፈልጋለች። እኔ እንደሆንኩ ፈሪ ነኝ። ባጃጅ ስትሳፈር እንኳ ከዓይኔ እስክትሰወር በር ላይ ቆሜ ነው የማያት። ኦሞራቴ ስትለኝ ወንዙም፣ አዞውም፣ የመኪናው መገልበጥም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። “ነገ እነግርሻለሁ” አልኳት። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ ትታው ስትወጣ አነሳሁት። ክብደቱን እጄ አልረሳውም።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ እዚሁ ጂንካ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ሥራዬ ቤቱን መጥረግና ፍሬም መወልወል ነው። ባለቤቱ ጋሽ መኮንን ከመሀል አገር የመጡ ሰው ናቸው። ፊልምም የሚቀርጽ ካሜራ፣ ዲኤስኤልአር የሚሉትን፣ ሲያስመጡ አገሩ ሁሉ ሊያየው መጣ። ሰርግ ቤት ሙሽራዋ ያለችበት ጓዳ ለመግባት ሴት ያስፈልጋል ብለው እኔን ማስተማር ጀመሩ። የተጻፈበትን እንግሊዝኛ ስለማላነብ ቁልፎቹን በጣቴ ነው ያጠናኋቸው። የሌንሱን ቀለበት ቀስ አድርጌ ሳዞረው የደበዘዘው ፊት፣ የደፈረሰ ውሃ እንደሚጠራ፣ ጥርት ብሎ ይወጣል። ያን ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ኦሞ ዳር ካለችው ከኮልቾ መንደር አይኬ የሚባል ልጅ መጣ። ለትምህርት ሩቅ አገር ሊሄድ ነው። “የእናቴ ፎቶማ ሞልቷል፤ ፈረንጅ ሁሉ አንስቷታል። እኔ የምፈልገው ስትናገር፣ ስትሠራ ነው” አለ።

ዝናብ መንገዱን ሳይዘጋው በአይሱዙ ወረድን። ከቱርሚ ከተማ ወዲያ አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ይንቀጫቀጫል። ከጂንካ የያዝነው ሙዝ በሙቀቱ ልጣጩ ጠቁሯል፤ እኔ ግን ጣፈጠኝ። ኮልቾ ስንደርስ ኦሞ ከገደሉ ሥር ተጠማዞ ይፈሳል። ጋሽ መኮንንን ወባ ጣላቸው። ዛፍ ሥር ጋቢያቸውን ተጠቅልለው “በይ አስቴር፣ አንቺው ቅረጪ” አሉኝ።

“ጋሼ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል።”

“እኔም እየተንቀጠቀጥኩ ነው። ያንቺው መርፌ አይፈልግም።”

የአይኬ እናት ማሽላ እየፈጨች ነበር። ካሜራውን ሳነሳ ብድግ አለች፤ እጆቿን ጎንና ጎን ሰብስባ ቀጥ ብላ ቆመች። ዓይኗ እንኳ አይርገበገብም። ጎረቤቶቿም መጥተው አጠገቧ ተደረደሩ። አይኬ እንድትንቀሳቀስ በቋንቋቸው ለመናት። ትንሽ ተራመደችና እንደገና ድርቅ አለች። የመለሰችለትን እየሳቀ ተረጎመልኝ፦ “ዕድሜ ልኬን አትንቀሳቀሺ ስትሉኝ ኖራችሁ፤ ይቺ ደግሞ ምን ነክቷት ነው ተንቀሳቀሺ የምትለኝ?”

ያለን ባትሪ አንድ ነው፤ እሱም እያለቀ ነው። ሹፌሩም እንሂድ ይላል። ይኼ ልጅ እናቱን እንደ ሐውልት ቆማ ይዟት ሊሄድ ነው አልኩ በልቤ። ቀለበቱን ወፍጮው ላይ አስተካከልኩና ካሜራውን እየቀረጸ የማሽላ ከረጢት ላይ አስደግፌ ተውኩት። ሄጄ ድንጋዩ ፊት ተንበረከክኩና መፍጨት ጀመርኩ። እኛ አሪዎችም በድንጋይ እንፈጫለን፤ የሷ ወፍጮ ግን አልለመደኝም፣ እህሉ ሁሉ መሬት ወረደ።

ዝም ብላ ማየት አልቻለችም። በትከሻዋ ገፋችኝ። “መፍጨት ያላስተማረቻትን የዚችን እናት ምን ይሏታል?” አለች አሉ፤ ሴቶቹ ሳቁ። እየፈጨች ልጇን ታናግረው ጀመር። እዚያ ማን ያበላሃል፣ ስትታመም ለማን ትነግራለህ ትለዋለች። ከዚያ እጇ ሳያርፍ አንድ ነገር ጠየቀችው። አይኬ አንገቱን ደፋ። አልተረጎመልኝም፤ ለሷም መልስ አልሰጣትም። እሷም መፍጨቷን ቀጠለች።

ስንመለስ መኪናው ላይ ነገረኝ። “መቼ ነው የምትመለሰው ብላኝ ነው። እኔም አላውቀውማ።”

ፊልሙ ጥግ ላይ የእኔ ክርን ገብቷል። ጋሽ መኮንን ሊቆርጡት ሲሉ አይኬ እምቢ አለ። እንዳለ ይዞት ሄደ።

ከዓመታት በኋላ ተመልሷል። እናቱ ግን ያን ቀን እንደሚመለስ አታውቅም ነበር። ያኔ እኔ የምፈራው ለካሜራው ነበር፤ የሷ ፍርሃት የገባኝ ከወለድኩ በኋላ ነው። ያ ሁሉ እያስጨነቃት አትሂድ ብላ አላስቀረችውም።

ዛሬ ጠዋት ሜሮንን ጠራኋት።

“መቼ ነው የምትመለሱት?”

“ቅዳሜ ከሰዓት፣ እማ።”

“በይ ሂጂ። ከወንዙ ግን ራቂ።”

“ዓሣ አስጋሪ ልቀርጽ እኮ ነው የምሄደው።”

“እንግዲያው ከኋላቸው ቁሚ።”

እየሳቀች ወጣች። እኔ ልጄ የምትመለስበትን ቀን አውቄዋለሁ፤ የአይኬ እናት ያላገኘችውን መልስ አግኝቻለሁ። ያም ሆኖ ከዓይኔ እስክትሰወር በር ላይ ቆሜ አየኋት። ለካ መልሱ ቢገኝም ፍርሃቱ ያው ነው።