የገሃድ ቀማሽ

በቤታችን ውስጥ ሃይማኖታዊ ሹመት የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የማላምነው እኔ። ሹመቱ የሚሠራው በዓመት ሁለት ቀን፣ በገና ዋዜማና በጥምቀት ዋዜማ ነው። ሁለቱም ገሃድ ይባላሉ፣ ሁለቱም ይጾማሉ። ለበዓሉ የሚበላው ዶሮ ወጥ ግን የሚሠራው በዚያው በጾሙ ቀን ስለሆነ፣ ከጠዋት ጀምሮ ድስቱ አጠገብ የምትውለው እናቴ መቅመስ አትችልም። እህቴም አትችልም። ጨዉ ይብዛ ይነስ የሚያውቅ ሰው በቤቱ አይኖርም። ሌሎች ቤቶች ጾም ያልጀመረ ሕፃን ጠርተው ያስቀምሳሉ። እኛ ቤት ሕፃን የለም፤ እኔ ነበርኩ።

ሹመቱን የሰጠኝ አባቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጾም ባቆምኩበት ዓመት እናቴ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን ገሃድ ሆነ። አባቴ ከሚያነበው ጋዜጣ ቀና ሳይል፣ "ተዪው እስቲ፣ ቀማሽም ያስፈልገናል" አላት። እናቴ ሳትወድ ሳቀች። ማማሰያውን ይዛ መጣችና መዳፌ ላይ ጠብ አደረገችልኝ። ክርክሩ በዚያ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ፣ በየገሃዱ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ተነስቼ የቀጨኔን ዳገት እያለከለክሁ እወጣለሁ፣ መዳፌን እዘረጋለሁ፣ እልሳለሁ፣ "ትንሽ ይጨመር" ወይም "በቃው" እላለሁ። በዕድሜዬ ከሰጠሁት አስተያየት ሁሉ ሰው ሳይከራከረኝ የተቀበለው ይኸኛውን ብቻ ነው።

ጋዜጣ ላይ ስለምጽፍ ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ስለ ገና አንድ ነገር ጻፍ እባላለሁ፤ እጽፋለሁም። በፕላስቲክ ጥድ ላይ ጥጥ ለጥፈው በረዶ ነው የሚሉትን ሰድቤአለሁ። ከእንጦጦ ሥር የሚኖር ሰው በረዶ የሚያውቀው በክረምት ቆርቆሮውን ሲደበድብበት ነው። በሌላ ዓመት ደግሞ ጥዱን የሚሰድቡትን ሰድቤአለሁ፤ በከብቶች በረት የተወለደን ሕፃን ልደት በሦስት ኪሎ ቅቤ የሚያከብር ሰው ስለ ባዕድ ባህል ለመቆርቆር ምን አፍ አለው ብዬ። እናቴ አንዱንም አላነበበችም። አንድ ጊዜ ግን ጎረቤት አነበበላት።

"እንደጻፍከው ከሆነ ወጡን ለምን ትቀምሳለህ?" አለችኝ።

"ስለሚጣፍጥ።"

"እንግዲያው ዝም ብለህ ብላ።"

እኔ ከመሾሜ በፊት ጨዉን እንዴት ታደርጉት ነበር ብዬም ጠይቄአት አውቃለሁ። "በእምነት ነዋ፤ ሌላ በምን?" አለች። ቀልዷን አልነበረም። ጾሙ የነቢያት ጾም እንደሚባል አስታወሰችኝ። "ይወለዳል ብለው ጾሙ፤ ሳያዩት ሞቱ። እኛ አንድ ቀን ወጥ ሳንቀምስ ብንሠራ ምን ይለናል?" አባቴ ከጎን ሆኖ፣ "አንዳንዱ ዓመት እኮ እምነቷ ሲበዛ እስከ ጥምቀት ውኃ ስንጠጣ ነበር የምንከርመው" አለ። እናቴ በፎጣ መታችው።

አባቴ ባለፈው ሐምሌ ሞተ። አላለቀስኩም። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ የሸራውን ስፌት ሳይ ዋልኩ። ሴቶቹ፣ "ደንግጦ ነው፣ ቀስ እያለ ይወጣለታል" ሲባባሉ ሰማሁ። አልወጣልኝም። አርባው ደረሰ፣ ክረምቱ ወጣ፣ እኔ እንደዚያው ነበርኩ። አይከፋኝም፣ ደስም አይለኝም። ምግብ ፊቴ የሚቀርብ ነገር ሆነ፤ ከቀረበ እበላለሁ።

ህዳር አጋማሽ ላይ ምሳ የምበላበት ቤት ሽሮና ምስር ብቻ ማቅረብ ጀመረ። የቀረበልኝን በላሁ። ቁርስ እረሳለሁ። ራቴ ዳቦና ሻይ ነው። ጾም ላይ እንደሆንኩ ያወቅሁት በሁለተኛው ሳምንት፣ ፍሪጅ ከፍቼ የገዛሁት ወተት ሳይነካ ረግቶ ሳገኘው ነው። ቆሜ ቀኖቹን ወደ ኋላ አሰብኩ። አንድም ቀን አልገደፍኩም። ያን ዕለት እንቁላል ጠብሼ ብበላ ነገሩ ያበቃ ነበር። እንቁላሉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቆይቼ መለስኩት። ለምን እንደመለስኩት አላውቅም። አባቴ በየዓመቱ የሚጾመው ጾም ዘንድሮ አንድ ጿሚ ጎደለው ብዬ ይሆናል። ይህን ያሰብኩት ግን ከመለስኩት በኋላ ነው፤ ዘግይቶ የሚመጣ ምክንያት ደግሞ አልወድም።

ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ከሰማች ጸሎቴ ተሰማ ትላለች። ልጄ ተመለሰ ትላለች። እኔ ደግሞ አልተመለስኩም፤ የሄድኩበት ቦታ እዚያው ቆሜ ሽሮ ነው የበላሁት። ባሏን ቀብራ ስድስት ወር ላልሞላት ሴት የውሸት ደስታ መስጠት አልፈለግሁም። በውሸት ደስ ካላት፣ አንድ ቀን ደግሞ በእውነት ማዘኗ አይቀርም።

እህቴ ዘንድሮ በዓሉ ይቅር ብላ ነበር። እናቴ፣ "አባትሽ ስለሞተ ጌታ ሳይወለድ ሊቀር ነው?" አለቻት። ስለዚህ ወጥ ተሠራ።

በገሃዱ ከሰዓት በኋላ ስደርስ መብራት ጠፍቷል። እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች ከሰል ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሁልጊዜ አባቴ የሚባርከውን ዶሮ ዘንድሮ ጎረቤት ባርኮልን ሄዷል። እህቴ እንቁላል ትልጣለች።

"ጾም ገዳፊው መጣ" አለች።

"ባልመጣ ምን ይውጣችሁ ነበር?"

"ማዶ ያሉትን ባለሱቅ እንጠራ ነበር።"

"ጨዉን ይሸጡልሻል እንጂ እሳቸውማ የክርስቲያን ሥጋ አይቀምሱልሽም።"

"እሳቸው እንኳ ሃይማኖት አላቸው" አለችና እንቁላሏን ወደ ሳህኑ ወረወረች።

እናቴ ድስቱን ከፈተች። "ጨው ማድረጌን እንጃ። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፤ ያደረግሁም መሰለኝ። አንቺ አድርገሻል?"

"አንቺ ያደረግሽ መስሎኝ" አለች እህቴ።

"በል ቅመስልኝ።"

መዳፌን ዘረጋሁ። ጠብ አደረገችልኝ። ከእሳት የወረደ ስለሆነ አቃጥሎኝ መሆን አለበት፤ ቆዳዬ ቀልቷል። ቅቤው ዳር ዳሩን ሲረጋ አየሁት። ማድረግ ያለብኝ መላስ ብቻ ነበር። እግዚአብሔር ካለ በአንዲት ጠብታ ወጥ አይቀየመኝም፤ ከሌለም የሚቀየም የለም። ሁለቱንም በተለያየ ጊዜ ጽፌ ሰው አሳምኜባቸዋለሁ። እጄ ግን ወደ አፌ አልመጣም። በብርሃን የማየው መስዬ ወደ በሩ ዞርኩ፣ መሐረቤን አወጣሁ፣ ጠረግሁት።

"ምን ይላል?"

"ደህና ነው።"

"ጨዉስ?"

"በቃው።"

ክዳኑን መለሰች። አመነችኝ። እህቴም አመነችኝ። ስወጣ መሐረቡ ኪሴ ውስጥ ሞቅ ይል ነበር።

በማግስቱ ማለዳ እናቴና እህቴ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ተመልሰው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ማዕዱ ቀረበ። እናቴ ብልቱን እያወጣች ለየሰዉ አደረገች። የቤቱ አባወራ የሚበላውን ፈረሰኛ ድስቱ ውስጥ ተወችው። ጸለየች፣ ቆረሰች፣ ጎረሰች፤ ከዚያ ማኘኳን አቆመች።

እህቴ ቀደመች። "እንዴ፣ ጨው የለውም እኮ። ከበርበሬው ጋር የተፈጨችዋ ብቻ ናት።" ወደ እኔ ዞረች። "አንተ፣ ምላስህም ካደ እንዴ?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነበር።"

"ጉንፋን! ሃያ ዓመት ሙሉ ያልያዘህ ጉንፋን።"

እናቴ አልሳቀችም። ቀስ ብላ ዋጠችና አየችኝ። ክፉኛ የሚያሳስባት ነገር ሲኖር አባቴን የምታየው እንደዚያ ነበር።

"ስንት ቀን ነው?"

"ምኑ?"

"የጾምከው።"

እህቴ እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። ጉንፋኑን ደግሜ ልጠራው እችል ነበር። አባቴ ቢኖር ይሄኔ አንድ ነገር ተናግሮ፣ ተሳስቀን ባለፍነው።

"ሙሉውን" አልኩ። "መጀመሪያ ሳላውቅ ነው።"

ጣቶቿን ከማዕዱ አነሳች።

"አምኜ አይደለም፣ እማዬ።"

"አልጠየቅሁህም።"

ከዚያ ለእህቴ፣ "ጨው አምጪ" አለቻት። እህቴ በሲኒ አመጣች። እናቴ ቆንጥራ በጣቶቿ እያሸች ማዕዱ ላይ ዙሪያውን በተነችው። ትንሽ ቆማ ደግማ ቆነጠረች። ጾሙ ተፈቷል፤ ቀምሳ መጨመር ትችል ነበር። አልቀመሰችም።

"የጥምቀቱን እኔው አደርገዋለሁ" አለች። "አንተ ዝም ብለህ ና።"

"ተሻርኩ በለኛ" አለች እህቴ።

እናቴ ደስ ብሏት እንደሆነ ፊቷን አየሁት፤ ሊነበብ የሚችል ነገር አላገኘሁበትም። ተመለስክ አላለችኝም። ይህን ፈርቼ ከአንድ ወር በላይ ተደብቄአለሁ፤ ስታልፈው ግን ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅሁም። ወደ ድስቱ ተጠጋች። ፈረሰኛውን አወጣችና ለሦስት ቀደደችው፤ አንዱን ለእህቴ፣ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን እኔ ፊት አደረገች።

ጎረስኩ። ጨው፣ በርበሬ፣ ቅቤ። ሌላ ምንም አልመጣም። እናቴ እየጠበቀች ነበር።

"በቃው?" አለችኝ።

"በቃው" አልኳት። ደግሜ ጎረስኩ።