እትዬ እናኑን መድኃኒት አልገደላቸውም

ጠዋት የደወለልኝን ልጅ ሰድቤ ስልኩን ዘጋሁበት። «እትዬ እናኑ አረፉ» ሲለኝ ቀልዴን እየመለሰልኝ ነበር የመሰለኝ። ማርቆስ ውስጥ ስንቱን ሰው በሐሰት ወሬ እንዳስሮጥኩ ታውቃላችሁ፤ ሰው ደግሞ ብድሩን አይረሳም።

እንደገና ደወለ። እያለቀሰ ነበር። ባጃጄን አስነስቼ ሆስፒታል ስደርስ ታናሽ እህታቸው ይታይሽ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አይቼም አላመንኩም። አሁንም አላመንኩም።

ለማታውቋቸው፣ እትዬ እናኑ ገበያ ውስጥ ቅቤ የሚሸጡት ናቸው። የባጃጅ ተራችን ከመደባቸው ፊት ለፊት ስለሆነ ስንት ዓመት ስንተራረብ ኖረናል።

አንድ ቀን ድንጋይ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ከቅቤያቸው መሃል ሸጎጥኩላቸው። አንስተው መዘኑት፣ አሸተቱት። ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚባል የለም።

«ና አንተ ቀጣፊ» አሉኝ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ። «ይህን ለእናትህ ውሰድላት። አንተን አሳድጎ ያልረገፈ ጥርስ ድንጋይ አያቅተውም።»

ሳምንት ሙሉ ስሜ «ድንጋዩ» ሆኖ ከረመ።

ጣቶቻቸው ግን ያማቸው ነበር። እኛ ቁርጥማት እንለዋለን፣ ሐኪሞቹ ሩማቶይድ ይሉታል። መገጣጠሚያቸው አብጦ ጣቶቻቸው ወደ ጎን ተጣመው ነበር። ገዢ አይቶ ከንፈሩን ሲመጥ «ጣቴ ቢጣመም ሚዛኔ አልተጣመመም። ትገዛለህ ወይስ ታዝናለህ?» ይሉት ነበር።

የቁርጥማቱን መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተው አምና ሌላ ኪኒን ተጨመረላቸው፤ የኮሌስትሮል፣ ደም ውስጥ ያለ ቅባት የሚቀንስ። ሐኪሙ ዘንድ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። «ይቺ ለኮሌስትሮል ናት። ቅባት ይቀንሱ። ተረኛ!» በቃ። ለቅቤ ነጋዴ!

ስንመለስ «እትዬ፣ ዕቃዎን በድብቅ ይበሉት ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«ዝም በል! እኔ ሽታውን እንጂ ቅቤውን መች ጠገብኩት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እንደ ጭራሮ የከሱ ሴት ነበሩ።

ጾም ሲገባ የንስሐ አባታቸውን ጠየቁ። ቄሱ «መድኃኒት ጾም አይሽርም፣ ይዋጡት» አሏቸው። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን እንዳታመካኙ። የቁርጥማቱንም በጾም አላቋረጡም። የቅባቱን ኪኒን ግን ሁዳዴ ሲገባ ከቅቤው ሚዛን ጋር አብረው ሰቀሉት።

«ለምን?» ስላቸው፣

«ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ ሥጋ የለ። ምን ቅባት አለና ነው የሚቀንሰው? ለፋሲካ እጀምረዋለሁ» አሉኝ።

እስቲ ምኑ ላይ ነው ጥፋታቸው? የተነገራቸውን ይዘው ነው ያሰቡት። ቅባት ቀንሺ የተባለች የጎጃም ሴት፣ ጾም ሲገባ ከዚህ ሌላ ምን ታስብ? እኔም ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝ፣ ልክ ናቸው ብዬ ሄድኩ።

ፋሲካ አልደረሰም። ደረታቸውን ሲወጋቸው ጎረቤቱ «ብርድ ነው» ብሎ ጤና አዳም አጠጣቸው። ሲነጋ ሆስፒታል ገቡ። ልባቸው ነው።

ሐኪሙ ይታይሽን «የኮሌስትሮሉን ኪኒን በየቀኑ ይወስዱ ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

«በጾም?» አለችው። «ቅባት ሳይበሉ?»

ከዚያ በኋላ ነው ያስረዳን። ያ ቁርጥማት መገጣጠሚያ ብቻ አይደለም የሚበላው፣ የልብንም የደም ሥር ይጎዳል። ኪኒኑ የታዘዘው ለዚያ ነው። ቅባቱን ደግሞ ጉበት ራሱ ይሠራዋል፣ ቅቤ በላህም አልበላህም። ጉበት አይጾምም። «የገደላቸው ይህ ነው ብዬ አልምልም፤ ማቋረጥ ግን አልነበረባቸውም» አለ።

እና ይቺን ንግግር ለሬሳ ነው ያስቀመጣችኋት? እዚህ አገር ሐኪም ሆናችሁ ጾም መቼ እንደሚገባ አታውቁም? ራሳችሁስ አትጾሙም? «በጾምም ይዋጡት» ማለት ምላስ ይሰብራል?

ቆይ፣ አልጨረስኩም።

አሁን ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ነኝ። እዚህ ደግሞ ሐኪሙ ብዛቱ! አንዱ ሽሮውን እየጎረሰ «ሁለቱ መድኃኒት ሆዳቸው ውስጥ ተጣልቶ ነው የፈጃቸው» ይላል። ሌላዋ ትቀበለዋለች፣ «መድኃኒት ሲበዛ መርዝ ነው።» አብረው እንደሚወሰዱ፣ ጉበታቸውንም በደም ምርመራ ሲከታተሉት እንደነበር ሐኪሙ ነግሮናል ብል ማን ይስማኝ።

የምጮኸው ለሞቱት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ይታይሽም ያው ቁርጥማት አለባት። ያንኑ ሁለት መድኃኒት ነው የምትወስደው። ቅድም አንዷ ዘመድ «አንቺም ልትከተያት ነው?» ብላ ኪኒኗን ነጥቃ እሳት ውስጥ ልትጥልባት ስትል ከእጇ መነተፍኳት። ልቅሶ ቤት ተጣላሁ። «ባለጌ፣ እዚህም ያላግጣል» አሉኝ። በዕድሜዬ እንደ ዛሬ ከልቤ ተናግሬ አላውቅም።

እናንተም ይህን ስታነቡ ተነሱና እናቶቻችሁን ጠይቁ። በጾም የሚተዉት ኪኒን ካለ ሐኪሙ ዘንድ ይዛችኋቸው ሂዱ፣ እስኪገባችሁ ድረስም ከበሩ አትነሱለት።

እትዬ እናኑ፣ አላለቀስኩልዎትም። ንዴቱ እንባውን ቀደመው፤ እንዳይቀየሙኝ። ከነገ ጀምሮ መደብዎ ባዶ ሆኖ ሳየው ምን እንደምሆን እኔም አላውቅም።

ይታይሽ አጠገቤ ናት። ያቺን የቅባት ኪኒን መዳፏ ላይ አድርጋ ትኩር ብላ ታያታለች። የጾም ቀን ነው፣ ድንኳኑ በሙሉ ደግሞ እሷን ያያል።

አሁን ቀና ብላ «አንተ፣ ውሃ አምጣልኝ» አለችኝ።

ልሂድ እትዬ፣ ውሃ ልቀዳላት። እርስዎ በሰላም ይረፉ።