ተመልሶ የመጣው ኩባያ

አጎቴ መካነ ሰላም ከተማ አስተማሪያችን ነበሩ። በዚያ የድርቅ ዘመን አንድ ኩባያ ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አበባ ለወንዝ ስለሚሰጡ፣ በረሃ ውስጥ እንግዳን ስሙን ሳይጠይቁ ስለሚያጠጡ ሕዝቦች ይነግሩን ነበር። ሲጨርሱ፣ "አብሽሩ ልጆቼ፣ ተቀባበሉት" ይላሉ። ውሃው መሃል ወንበር ሳይደርስ ያልቅ ነበር።

ምንጩ የደረቀ ሰሞን ግን ኩባያው ክፍሉን ሙሉ ዞሮ ግማሹን እንደያዘ ተመለሰ። ሁላችንንም ጠምቶናል፤ ሁላችንም ከንፈራችንን ብቻ አርሰን አቀብለናል። አጎቴ ኩባያውን አንስተው ውስጡን አዩ።

"ይህን የየትም አገር መጽሐፍ ላይ አላነበብኩም" አሉ።

ትናንት ከቀብራቸው ስንመለስ ያንኑ ኩባያ ከባዶ አልጋቸው አጠገብ አገኘሁት። ግማሹን ውሃ ለሚቀጥለው ሰው አስቀርተውለታል።